የዕቃ ጠባቂው ምላስ

ኅዳር ሦስት ቀን፣ ሐሙስ። በወደቡ ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ የጠላቂ የጎማ ልብስ ውጩ ታጥቦ ውስጡ ሳይገለበጥ ቀረ። ዕቃ ጠባቂው «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ቆልፎ ወጣ። ሌሊቱን ልቡ ቆመ።

በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ማለት ስለሚያበዛ «ጋሼ ጠርጥር» ብለውት ቀረ። ዳቦ ሲገዛ አሽትቶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጠላቂዎችን ዕቃ ሲጠብቅ ዋና ግን አልለመደም። «ባሕር ሲበላ እንጂ ሲመልስ አላየሁትም» ይል ነበር።

ዕቃ ሲመለስለት በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ ጥላ ውስጥ ያደርቀዋል። የመተንፈሻ ቱቦውን ሳያጥፍ በሰፊው ጠቅልሎ፣ አፉን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰቅላል። ሲሊንደሮቹን እርጥበት እንዳይገባባቸው ጥቂት አየር አስቀርቶ ያቆማቸዋል። በመጨረሻ የምላሱን ጫፍ ሲሊንደሩ በሚታዘልበት ማሰሪያ ላይ ያሳርፋል፤ ጨው ከቀመሰ እንደገና ያጥባል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዕቃ ቤቱን ሲከፍት ሁሉም በቦታው ነበር። ቱቦው በወጉ ተጠቅልሏል፤ አፉም ወደ ግድግዳው ዞሯል። እንደ ልማዱ ማሰሪያውን ቀመሰ። ጨው! ዓርብ ዕለት ራሱ አጥቦ፣ ራሱ ቀምሶ የሰቀለው ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረው ጀልባ ነጂውን ነው፤ ትርፉ ቁልፍ እሱ ጋ ነበር።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ሚስቴን ጠይቃት፤ እሷም እንዳንተው ነው የምትመረምረኝ።»

«ዕቃዬን ነክተሃል።»

«ኧረ ጋሼ ጠርጥር! ሰርቄ፣ አጥቤ፣ ጠቅልዬ የምመልስ ጨዋ ሌባ ነኝ እንዴ?» ጀልባ ነጂው ሳቀ። «ቁልፉን የወሰደችው እህትህ ናት፤ መነጽሬን ረስቻለሁ ብላ።»

ዕቃ ጠባቂው አልሳቀም። ቱቦ እንዲያ የሚሰቅል ሌላ ሰው አልነበረም፤ ያስተማረው እሷን ብቻ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አዝሎ ያሳደጋት ታናሹ ናት፤ አድጋ የመርከብ ሆድ የምትጠግን ጠላቂ ሆነች። በቅርቡ ግን የጆሮዋ ታምቡር ተቀደደና ሐኪሙ፣ «እስኪድን ውሃ እንዳትገቢ። እታች ራስሽን ካዞረሽ አትወጪም» ብሏት ነበር።

ከሥራ ሲወጣ ቤቷ ሄደ። በታመመው ጆሮዋ በኩል ተጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» አላት። ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

ዞሮ ከፊቷ ቆመ። «ጠልቀሻል።»

«ማን አለ?»

«ምላሴ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አጥቤዋለሁ እኮ፣ ወንድም ጋሼ!»

«በምን?»

«ጀልባዎቹ ጋ ባለው ጎማ...» ብላ ግንባሯን መታች። ጀልባ ማጠቢያው ጎማ ውሃ የሚስበው ከዚያው ከባሕሩ ነው።

«ጨውን በጨው! እሺ፣ ምን አጣድፎሽ ነው?»

«ሌላ ሰው ሊተኩብኝ ነዋ። ድኖ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው፤ ሩቅም አልወረድኩ።»

«ሥራ ይተካል። አንቺን በማን ልተካሽ፣ እታለም?»

ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ በሽንኩርቱም አላመካኘችም። «ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ» አለች።

«ብቻሽን ሄደሽ "ፈቀደልኝ" ብትዪኝ አላምንሽም። በገዛ ጆሮዬ ነው የምሰማው።»

ኅዳር ሦስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አብረው ሐኪሙ ጋ ገቡ። ቀዳዳው ትንሽ ሰፍቶ፣ መመርቀዝም ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላትና ከውሃ ከራቀች እንደሚድን ነገራቸው። ዕቃ ጠባቂው ሐኪሙን ያንኑ ነገር ደጋግሞ አስባለው።

ማታ የጎማ ልብሱን ውስጥ ለነገ ትቶ ከሥራ ሲወጣ መድኃኒት ቤት ጎራ አለ። ብልቃጡን ወደ መብራቱ አንስቶ ማብቂያ ቀኑን አነበበ፤ ክዳኑንም ከፍቶ አሸተተ።

«ጋሼ፣ መርዝ አይደለም እኮ» አለች ሻጯ።

«መርዝ ሻጭስ ሌላ ምን ይላል?»

እህቱ ቤት ወሰደላት። የመጀመሪያዋን ፍሬ ስትውጥ በር ላይ ቆሞ አየና ወደ ቤቱ ሄደ።