ጋሽ ተሾመ «ድግግሞሽ» ብለው ያጠፉት መንዙማ

ትናንት ከሰዓት፣ በሰው ሀገር፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የማኅበራችን ቢሮ፣ ሊቀ መንበራችን ጋሽ ተሾመ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙረው «በይ፣ አጸዳሁልሽ!» አሉኝ።

የማኅበሩን የኢ-መጻሕፍት ስብስብ የማደራጀው እኔ ነኝ። ያውም በነፃ። ላፕቶፑ ሞላ ከተባለ ወዲህ ድግግሞሾቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ፣ እያስተያየሁ ሳጠፋ ነው የከረምኩት። እሳቸው ግን ቸኮሉ።

«ምኑን ነው ያጸዱት?»

«መንዙማውን ነዋ! አንዱን ፋይል ደጋግመሽ ሞልተሽዋል። አንድ አስቀርቼ ሌላውን ጠራርጌ አጠፋሁት።»

መንዙማው የእማማ ዘይነባ ነው። ኪሰንዪ ሰፈር ባለችው ሱቃቸው ውስጥ፣ ገዢ እስኪመጣ ድረስ፣ ወሎ እያሉ ከአባታቸው የተማሩትን ይሉልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ርዕስ ስለሌለው እያንዳንዱን ፋይል በመጀመሪያ ስንኙ ሰየምኩት። እማማ ደግሞ ሁሉንም የሚከፍቱት በዚያው በአንዱ ምስጋና ነው... ስክሪኑ ረጅሙን ስም መሃል ላይ ሲቆርጠው ሁሉም አንድ መሰለ።

«ጋሼ፣ አንዱን እንኳ ከፍተው አዩት?»

«ምን አስከፈተኝ? ስሙ ያው! ሥራሽ ብዙ እንዲመስል እንጂ...»

ፊቴ ጋለ። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርገውታል፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዤ ኪሰንዪ በረርኩ። ለእማማ እየነገርኳቸው አለቀስኩ።

እሳቸው ሳቁ። «አብሽሪ ልጄ! እኔ መች ጠፋሁ? ነይ፣ ቁጭ በይ።» የሩዝ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ።

ስልኬን ለቀረጻ ከፈትኩ፤ እሳቸው ጀመሩ። ስለ መንገደኛ የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ቀረ።

«አባቴ እንዴት ነበር የሚለው...? ጠፋኝ።»

ስጽፈው ልቤ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ሳላስበው ከአፌ ወጣ...

«ሀገር ለራቀበት፣ ደጅህ ይቅረብለት...»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው እስከ መጨረሻው አብረን አልነው። ስኳር ሊገዛ የመጣ አንድ ደንበኛ እስክንጨርስ ቆሞ ጠበቀን።

«እንግዲህ የኔ ድግግሞሽ አንቺ ነሽ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሊቀ መንበርሽ እንዳያጠፉሽ ብቻ!»

ገና ብዙ ይቀረናል። አዲሶቹን ፋይሎች በመጨረሻ ስንኛቸው ሰይሜ፣ አንድ ቅጂ ስልኬ ላይ አስቀርቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለጋሽ ተሾመ በማኅበሩ ግሩፕ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ይቺን ጻፍኩላቸው፦

ከእንግዲህ ሳይከፍት «ያው ነው» የሚለኝን ሰው አልቀበልም... ሊቀ መንበርም ቢሆን።