የአያ ኃይሉ የቤት ሥራ

እንደ አያ ኃይሉ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰቆጣ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እሳቸው ገበሬ ናቸው፣ ከገጠር በእግር ነው የሚመጡት። አንድ ቀን ሦስት ፍሬዛል ቨርቦች፣ ማለትም ጥምር ግሦች፣ ሰጥቼ «በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ኑ» አልኩ። አያ ኃይሉ ሁለቱን አሳምረው ጽፈው «ሜክ አፕ ዊዝ» የሚለውን ባዶ ተዉት። ትርጉሙ የጠፋቸው መስሎኝ፣

«አያ፣ መታረቅ ማለት እኮ ነው። ከወንድሜ ጋር ታረቅሁ ብለው ይጻፉት» አልኳቸው።

«አልታረቅሁም» አሉ።

አንዱ ተማሪ ጠጋ ብሎ ነገሩን ሹክ አለኝ። ለካ ከወንድማቸው ጋር በእርሻ ድንበር ከተኳረፉ ዓመታት ማለፋቸውን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል!

ደንግጬ «ለምሳሌ ያህል ነው እኮ» አልኩ።

«ውሸት በእንግሊዝኛም ውሸት ነው፣ መምህር።»

ዜሮ ልሰጣቸው እጄ አልታዘዝ አለኝና ለሳምንት ቀጠርኳቸው።

በሳምንቱ አርፍደው መጡ። ሳይቀመጡ ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ «አይ ሜድ አፕ ዊዝ ማይ ብራዘር» ብለው ጻፉ። ብዙዎቹ የሚረሷትን «ዊዝ» እንኳ አልረሱም። «እውነት ነው ወይስ ለምሳሌ?» ብዬ ሳልጨርስ፣ በር ላይ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ብራዘር የተባልሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ «ልግባ?»