ለእናትሽ ንገሪያት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ አቀረብሁና የልጅ ልጄን ናርዶስን፣ «ለአያትሽ ንገሪያቸው፤ ምሳ ቀርቧል በያቸው» አልኋት። ባለቤቴ ከመስኮቱ ሥር፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። ጆሮውም ደኅና ነው። ናርዶስ እሱንም እኔንም አየችና፣ «እማማ፣ እዚሁ አይደሉም እንዴ? አንቱ ለምን አይነግሯቸውም?» አለችኝ።

የጓሮውን የኮክ ዛፍ ሳያማክረኝ ስለቆረጠው ካኮረፍሁት አራተኛ ቀኔ ነበር። ያሳፈረኝ ግን የዛፉ ነገር አይደለም። ከአፌ የወጣው የአባቴ ቃል ነበር፤ ዜማው ሳይቀር።

አባቴ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለች መንደር ጤፍና ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ደግ ሰው ነበሩ። የቆሎ ተማሪ ከደጃችን ቆሞ ሲለምን ከሰሙ ጉርሻቸውን ከአፋቸው መልሰው ይነሡ ነበር። እኔም ዛሬ በር እየተንኳኳ መብላት አልችልም፤ ይህን ያገኘሁት ከሳቸው ነው። ሲያኮርፉ ግን አይጣል ነው። አይቆጡም፣ አይማቱም፤ እናቴን ማናገር ብቻ ይተዋሉ። እሷ እሳት ዳር፣ እሳቸው መደብ ላይ ሆነው፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ ውኃ ትስጠኝ» ይሉኛል። እሷም፣ «ከእንስራው አለ በያቸው» ትለኛለች። ለማዕድ አቡነ ዘበሰማያት ሲያደርሱ፣ ስለ ይቅርታ የሚለው ቦታ ላይ ድምፃቸው ይወርዳል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰማም።

ዐሥራ አምስት ዓመት በሞላኝ ክረምት እናቴ በሬ ለሞተበት ወንድሟ አንዱን በሬያችንን ሳትጠይቅ አዋሰችው። የጤፍ እርሻ የሚጣደፍበት ሐምሌ ነበር። አባቴ አኮረፉ። ወሩ አልቆ ፍልሰታ ገባ። ሁለቱ በቁርባን የተጋቡ ስለሆኑ በየዓመቱ በፍልሰታ አብረው ይቆርቡ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የንስሐ አባታችን፣ «ቂም ይዛችሁማ አትቀርቡም» ብለው ቁርጡን ነገሯቸው።

ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴ ልብሷን በነጠላ ስትቋጥር አገኘኋት። «ሂጂና ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ጾሙ ሲፈታ ወንድሜ ቤት እገባለሁ። አልመለስም» አለችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

አባቴ ከማሳው ዳር ለዝናቡ ውኃ ማፋሰሻ ይቆፍራሉ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይውጠኛል። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ቢረዝም በወደድሁ።

«ምን አለች?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

አፌን ስከፍት ሌላ ቃል ወጣ። «ይቅር ይበሉኝ ብላለች።»

ቁፋሮውን አቆሙ። «እናትሽ?»

«አዎ።»

«ልብሷን ቋጥራለች?» ሲሉኝ እንባዬ መጣ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዶማቸውን ጭቃው ላይ ተክለው ቆሙ። «እኔም ልጅ ሳለሁ የአባቴን ቃል ለእናቴ የማደርሰው እኔ ነበርሁ» አሉኝ። «እንዳንቺው አጣምሜ አደርስ ነበር። ሲነቁብኝ ተገረፍሁ።» ዶማቸውን ከጭቃው ነቀሉና፣ «አባቴ እናቴን ሳይታረቋት ሞቱ» አሉ።

ቤት ስንደርስ የእግራቸውን ጭቃ እንኳ ሳይታጠቡ እናቴ ፊት ቆሙ። በእኔ በኩል አልተናገሩም። «ወንድምሽ በሬ ሲሞትበት ቀድሜ መስጠት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ» አሏት። እናቴ ቋጠሮዋን መሬት አስቀመጠች። «አንቱን ሳልጠይቅ ነው የሰጠሁት፤ እኔንም ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ውሸቴ እውነት ሆነ። አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንቺ ደግሞ ውሸትሽን ለንስሐ አባትሽ ተናዘዢ» አሉኝ። ያን ቀን ለማዕድ ሲጸልዩ፣ ያቺ ቦታ ላይ ድምፃቸው ጎልቶ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ አላኮረፉም ብል ሌላ ኃጢአት ይሆንብኛል። አኩርፈዋል፤ ግን ቶሎ ይመለሱ ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ይላል ያገራችን ሰው። እውነቱን ነው፤ እኔም እየተሳብሁ እዚህ ደርሻለሁ። ቢሆንም ልጓሙን እግዚአብሔር የሰጠን በከንቱ አይመስለኝም። አባቴ ጭቃውን ረግጠው ወደ እናቴ ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መንገዱን አላውቀውም ማለት አልችልም።

ወደ ባለቤቴ ሦስቱን እርምጃ ሄድሁ። «ስለ ዛፍ ብዬ አራት ቀን ዘጋሁህ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ባለቤቴ መነጽሩን አወለቀ። «ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አለ።

ናርዶስ የምታደርሰው መልእክት ስላጣች እጇን ታጥባ ማዕዱ ዳር ተቀመጠች።