የጆሮ ማዳመጫ፣ ስጦታ

እሽጉ ካምፓላ የደረሰው ማክሰኞ ነበር፤ የአባቴ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት። በመካከል የቀረን አንድ ቀን ብቻ ነበር።

እሽጉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያዎች ናቸው። የአባቴ ጆሮ ከደከመ ዓመታት ሆኖታል፤ ይህን ግን ከእኔና ጀርመን ከምትኖረው ታናሽ እህቴ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው ነግረውን አያውቁም። ሰው ሲያናግራቸው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «አዎን፣ እግዜር ይመስገን» ይላሉ። በምንኖርበት ሰፈር በኪሱጉ ያሉት ጎረቤቶቻችን ትሑት ሽማግሌ ናቸው ብለው ያከብሯቸዋል። ባለፈው ዓመት ግን ይኸው ልማድ ጎዳን። ስደተኞች ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የሚያቀርቡትን የሰፈራ ማመልከቻ በሚመረምረው ቢሮ፣ አስተርጓሚው በስልክ «ወታደር ነበሩ ወይ?» ሲላቸው፣ አዎን ብለው መለሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ፋይላችን ታገደ። የሐሙሱ ቃለ መጠይቅ ያንን ለማረም የተሰጠ ዕድል ሲሆን፣ የመጨረሻው እንደሆነ በደብዳቤው ሰፍሯል። እኔ አብሬያቸው መግባት አይፈቀድልኝም።

መሣሪያዎቹን የገዛነው ከአንድ የጀርመን ሱቅ ነው። ሱቁ ወደ ውጭ አገር በቀጥታ ሲልክ የአገሩን የሽያጭ ግብር ከዋጋው ይቀንሳል፤ ዕቃው እዚህ ሲገባ ደግሞ ጉምሩክ የራሱን ግብር ይጠይቃል። የሕክምና መሣሪያ ከሆነና የሐኪም ማስረጃ ከቀረበ ግን ነጻ ነው። ደንቡን አንብቤ፣ አስፈላጊውን አስምሬበት፣ ለእህቴ ልኬላት ነበር። እሷ ግን ዕቃውን ቤቷ ድረስ አስመጣች፤ የዚያን አገር ግብር ከፈለች፤ ሳጥኑንና ደረሰኙን ጣለች፤ መሣሪያዎቹን በካልሲ ጠቅልላ ላከች። መሸፈኛው ላይ «የጆሮ ማዳመጫ፣ ስጦታ» ብላ ጻፈች። ከውጭ ለዘመዱ ዕቃ የሚልክ የእኛ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ያደርጋል፤ የዋጋውን ወረቀት ይቀድዳል፣ ዕቃውን በስሙ አይጠራም። ተቀባዩን ከወጪ ማዳኑ ነው።

ከጉምሩኩ መጋዘን በር ላይ ቆሜ ደወልሁላት።

«ምነው እንዲህ አደረግሽ?»

«እህትዓለም፣ አንቺ እኮ ማኅተም ካላየሽ ምሳም አትበዪም። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚልከው።»

«ከፍተውታል።»

ስልኩን ዘግቼ ገባሁ።

የጉምሩኳ ሠራተኛ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። መሣሪያዎቹን ከካልሲው አውጥታ ነጭ ወረቀት ላይ ደርድራቸዋለች።

«ማዳም፣ በዚህ ሙዚቃ ይሰማል?»

«አይሰማም። አባቴ ጆሯቸው ስለደከመ የተገዛ የመስሚያ መሣሪያ ነው።» የሐኪሙን ማስረጃ አቀረብሁላት።

ማስረጃውን ከእሽጉ ጽሑፍ ጋር አስተያየች። «ታዲያ የላከችው ለምን ዋሸች?»

የጆሮ ማዳመጫ ነው ብዬ፣ ግብሩን ከፍዬ ልወጣ እንደምችል አስቤ ነበር። ያኔ ግን ሐሰቱ ላይ የምፈርመው እኔ እሆናለሁ። ከሐሙሱ ቢሮ ጥያቄዎች አንዱ ደግሞ፣ ከቤተሰቡ የሐሰት ሰነድ ያቀረበ ሰው አለ ወይ የሚል ነው።

«የሐኪም ወረቀት በየመንገዱ ይሸጣል» አለች። «ሰውየው ራሳቸው ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ይምጡና ልያቸው። አለዚያ ዕቃውን ወደ ምርመራ ክፍል እልከዋለሁ፤ እዚያ ሳምንታት ይቆያል።»

ረቡዕ ጠዋት አባቴን በታክሲ ይዣቸው ሄድሁ። በመንገድ ላይ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውሁት። አይሰሙም የሚለውን ቃል ፊት ለፊታቸው ተናግሬው አላውቅም ነበር። የሐኪሙን ምርመራ እንኳ ያስደረግሁት የዓመት የጤና ክትትል ነው ብዬ ነው።

ወረፋው ረጅም ነበር። ኦዊኖ ገበያ ልብስ የምትነግድ ኤርትራዊት ጎረቤታችን ከኋላችን ቆማ ስታገኘን፣ «አባ፣ እርስዎም ነጋዴ ሆኑ እንዴ?» ብላ ቀለደችባቸው። አባቴ ፈገግ ብለው እግዜርን አመሰገኑ።

ሠራተኛዋ ቅጹን እየሞላች፣ ቀና ሳትል፣ እንዳገሩ ልማድ ሽማግሌውን «ምዜ» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። «ምዜ፣ ይህ ለሙዚቃ ነው?»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የስ» አሉ፤ «የስ፣ ታንክ ዩ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። እኔን አየችኝ።

ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። ቀስ ብዬ ብናገር እንደማይደርሳቸው አውቃለሁ። «አባባ፣ አይሰሙም። እንደማይሰሙ ይንገሯት።»

ድምፄ አዳራሹን ሞላው። አማርኛ የሚያውቁት ሁሉ ሰሙት፤ ጎረቤታችን ስልኳ ላይ አቀረቀረች። የአባቴ ፈገግታ ለጥቂት ጊዜ ከፊታቸው ሳይጠፋ ቆየ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም። በር ሲንኳኳ ሁልጊዜ የምነሣው እኔ ነኝ።»

«ያቺስ፣ እህትሽስ ታውቃለች?»

«እሷ ናት የላከችልዎት።»

መሣሪያዎቹን ያኔ ነው ያዩዋቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በመምህርነት ዘመናቸው እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለዩ ተናገሩ። «ልጄ እውነቷን ነው። አልሰማም። ሰው የሚለኝን ከከንፈሩ እገምታለሁ፤ አንቺ ደግሞ አቀርቅረሽ ነበር የጠየቅሽኝ።»

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷን ወደ እሳቸው አቅንታ፣ ቀስ ብላ ሁለተኛ ጠየቀቻቸው። ሁለተኛም መለሱላት።

የማረሚያ ቅጹን ለእኔ ሰጠችኝ። «ግብር የለበትም። የላኪዋ ስም ግን ይመዘገባል፤ ከእንግዲህ የምትልከው ሁሉ ይከፈታል።» የእህቴን ሙሉ ስም በትልልቅ ፊደል ጽፌ ፈረምሁ። አንዱን ፊደል ሰርዤ መድገም ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ መሣሪያዎቹን አድርገው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደድ ነበር፤ ቢሆንም አላወለቁም።

ሐሙስ ከቢሮው በር ውጭ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ሲወጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው» አሉኝ። «ሳይቆጡ አልቀሩም።»

ውሳኔው እስካሁን አልመጣም።