ጠይም ነኝ ያለችው ባየሽ

ባየሽን የሚያውቅ ሁሉ «እሺ» ስትል ነው የሚያውቃት። ሚኒያፖሊስ ጥግ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ አሲስታንት፣ የነርስ ረዳት ናት። ሰው ቀርቷልና ደብል፣ ሁለት ሺፍት አከታትለሽ ሥሪልን ሲሏት እሺ ነው። ፍሪድሊ ከተማ ያለው ቤቷ ስትደርስ ባሏ ቸሩ «ባዩ፣ እራትስ?» ሲላትም እሺ ነው። ከናይሮቢ በስደተኝነት ስትመጣ አክስቷ የሰጧት ምክር ይኸው ነበር፤ «ልጄ፣ እዚህ አገር አፍን ይዞ እጅን ማሠራት ነው።» ምክሩ ደግሞ አልጎዳትም፤ ቤት ገዝታበታለች፣ ልጇን ኤልሻዳይንም እያሳደገችበት ነው።

ታዲያ ባለፈው የካቲት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ሶሬቲ ማርገዟ ተሰማ። ሶሬቲ አብራት የምትሠራ የነቀምት ልጅ ናት። ከዚህ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባታልና ሐኪሟ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አስጠንቅቋታል። ማኔጀሯ ግን «እዚህ ቀላል ሥራ የለም፤ ወይ ታነሻለሽ፣ ወይ ያለ ደመወዝ ቤትሽ ትቀመጫለሽ» አለቻት። አረጋዊ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር የሁለት ሰው ሥራ መሆኑ ግድግዳው ላይ ተጽፎ ተለጥፏል። ሰው ስለማይበቃ ግን ሁሉም ለየብቻው ነው የሚያነሳው።

ይህን የሰማችው ቨርኒታ ናት። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ከሁሉም በላይ የቆየች ሠራተኛም እሷው ናት። ምሳ ላይ ሁሉም በተቀመጡበት፣ «ሐሙስ አንድ ላይ ሆነን ቢሮዋ እንገባለን። ከዚያ ወዲያ ማንም ብቻውን አያነሳም» አለች።

ባየሽ ወደ ሶሬቲ ዘወር ብላ በአማርኛ፣ «ተይ እቴ፣ የጥቁሮቹ ጣጣ ውስጥ አትግቢ። እነሱ እንደሁ መጮህ ልማዳቸው ነው» አለቻት።

ቨርኒታ ሹካዋን አስቀመጠች። ይህን ያህል ዘመን ከሐበሾች ጋር ሠርታ ያቺን ቃል ሳትለይ ትቀራለች?

«‹ቲኩር› እኔ ነኝ፣ አይደል?» አለች በእንግሊዝኛ። «አንቺስ ምንድን ነሽ?»

ባየሽ ክው አለች። አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«እኔ ጠይም ነኝ።»

«ምን?»

«ጠይም። እ… ቀይም አይደለሁም፣ ጥቁርም አይደለሁም። ሶሬቲ ደግሞ ቀይ ዳማ ናት።»

ሶሬቲ በሳቅ ፈነዳች። «ባዩዬ በናትሽ፣ እኔን ተይኝ!» ቨርኒታም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ቀስ ብላ ጠየቀች፤

«ሀኒ፣ ባልሽን ፖሊስ ሲያስቆመው ‹ጠይም ነኝ› ይላቸዋል?»

ባየሽ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። ቸሩ አንዴ ፖሊስ አስቁሞት ቤት የገባው የመኪናውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ ነበር።

«እናቴ ወገቧ የተቆረጠው በሽተኛ ስታነሳ ነው» አለች ቨርኒታ። «እኛ ጥቁር ሴቶች ነፃነት ስንል ሰልፍ መውጣት ብቻ መሰለሽ? ማነው ብቻውን የሚያነሳው? ማነው የሰው እናት ሲያጥብ ውሎ የራሱን ልጅ ተኝታ የሚያገኛት? ነፃነት ከዚያ ነው የሚጀምረው።»

ያን ቀን ማታ ባየሽ ነገሩን ለቸሩ አወራችው።

«አንቺን ምን አገባሽ?» አላት። «ሥራሽን ልታጪ ነው?»

«ቸሩ፣ እድራችን ውስጥ ሰው ሲሞት የማናውቀው ቤት ሁሉ ሄደን እንቀመጥ የለ እንዴ?»

«እሱማ ለለቅሶ ነው።»

«እና ሶሬቲ እስክታለቅስ ልጠብቅ?»

ኤልሻዳይ ከሶፋው ላይ ሆና፣ «ማሚ፣ ጀስት ጎ፤ በቃ ሂጂ» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ሐሙስ ስድስት ሴቶች ቢሮው ውስጥ ተጨናንቀው ቆሙ። ማኔጀሯ ሁሉንም አየቻቸውና ባየሽ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። «አንቺም? እኔ እኮ እንደነሱ አድርጌ አላይሽም ነበር።»

በፊት ቢሆን ይህ ቃል ልቧን ሞቅ ያደርገው ነበር። አሁን ግን አጠገቧ ሶሬቲ ሆዷን ይዛ ቆማለች።

«እኔም እንደነሱ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት፤ ቢሆንም አላቆመችም። «ሶሬቲ አታነሳም። እኔም ብቻዬን አላነሳም።»

ማኔጀሯ «አስብበታለሁ» ብላ ሸኘቻቸው። ሴቶቹ ግን ሐሳቧን አልጠበቁም፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆኑ አነሱ። የመጥሪያው ደወል በየክፍሉ ጮኸ፣ ምሳ በየቀኑ ዘገየ፣ የአረጋውያኑ ቤተሰቦችም ለምን እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። በመጨረሻ አንዲት ተጨማሪ ሠራተኛ ተቀጠረች፤ ሶሬቲም ምግብ አዳራሹ ውስጥ አረጋውያኑን እንድታበላ ተመደበች።

ባየሽ ግን በነፃ አላለፈችም። ሺፍቷ ተቀይሮ እሑድ እሑድ እንድትገባ ተደረገ፤ ቅዳሴ ቀረባት። ቸሩ ይህን ሲሰማ «አላልኩሽም?» ሊል ጀመረና ፊቷን አይቶ ዋጠው።

«እና ልጅቷን ፀጉሯን ሠርቶ ለቤተ ክርስቲያን ማን ያዘጋጃታል?»

«አባት የላትም እንዴ?»

በመጀመሪያው እሑድ ባየሽና ቨርኒታ አንድ ሽማግሌ አንስተው ዊልቸሩ ላይ እንዳስቀመጡ የባየሽ ስልክ ጮኸ። የኤልሻዳይ ፎቶ ነው። ነጠላዋ አምሮባታል። ፀጉሯ ግን መሐል ላይ የተከፈለበት መስመር እንደ እባብ ተጠማዝዞ፣ አንዱ ሹሩባ ጆሮዋ ላይ፣ ሌላው ማጅራቷ ላይ ነው።

ቨርኒታ አጎንብሳ አየችና፣ «ጌታ ሆይ! ልጅቷን እንዲህ ያደረጋት ማነው?» አለች።

«አባቷ። ማታ ፈትቼ እንደገና እሠራታለሁ።»

«ተይ፣ እንዳትነኪው» አለች ቨርኒታ። «እሱም እየሠራ ይለምዳል።»