ቤታችንን ለክቶ የሄደው ሰው

"ይቅርታ ወንድሜ፣ መኪናዬ ወረታ ላይ ተበላሽቶብኝ ነው፤ የጥበቃ ካሜራውን ነገ መጥቼ እገጥምልሃለሁ" ብሎ ባለሙያው ዛሬ ከሰዓት ደወለልኝ።

ታዲያ ጠዋት ቤታችንን ሲለካ የነበረው ማን ነው?

ሜትርና ደብተር ብቻ ይዞ ነው የመጣው፤ "ዛሬ ለክቼ ነገ እገጥማለሁ" አለኝ። "ጥበቃ በጥናት ነው እንጂ በዘፈቀደ አይሆንም" ሲለኝ ደስ አለኝ። የማይዘጋውን የጓዳ መስኮት ራሴ አሳየሁት።

"ቤቱ ባዶ የሚሆነው መቼ መቼ ነው?" ሲል እናቴ ቀደመችኝ፤ "እሁድ ቅዳሴ ስንሄድ ነው ልጄ። ቁልፉን በረንዳው ላይ ካለው የአበባ ጣሳ ሥር እናስቀምጣለን።"

ጻፈው።

ውሻችን ቡቺ መጀመሪያ አላስገባ ብሎት ነበር። እናቴ ለሰውየው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችውና "ከእጅህ ይብላ፣ ይልመድህ። ነገም ትመላለስ የለ?" አለችው። ደብረ ታቦር ላይ ውሻ እንግዳ ላይ ሲጮህ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነዋ! ምሳ አብልታ፣ መርቃ ሸኘችው።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጽ ላይ "የትኛው ካሜራ ይሻላል?" ብዬ ስጠይቃችሁ፣ የሚገጠምበትን ቀንና ሰፈሬን ጭምር ጽፌ ነበር። የእናንተን ምክር አንድ በአንድ አነበብኩ። የእኔን ማን ማን እንዳነበበው ግን አላሰብኩም።

ቁልፉን አንስቻለሁ፣ መስኮቱን በሚስማር መትቻለሁ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፤ ውስጥ ተኝታለች።

እንዲህ ያጋጠማችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ቶሎ ጻፉልኝ። ቡቺ አሁን ወደ ግቢው በር ሮጧል። አልጮኸም። ጭራውን እየቆላ ነው።