ሻይ ሻይ የሚል ጥልፍ

ጎረቤቴ ሂልከ ሰው አታምንም። ቅድመ አያቷ በልጅነቷ የጠለፈችው የፊደል ጥልፍ አላት። «ለእኔ ነው የሚገባው» ስትል የኖረችው እህቷ ፍራውከ፣ በመስታወት ላስገጥመው ብላ ወስዳ መለሰችው።

ጠረጠርኩና ከመስታወቱ አውጥቼ ገለበጥኩት። የድሮ ጥልፍ ፊቱን ፀሐይ ይበላዋል፤ ጀርባው ግን ደማቅ ነው። የዚህ ፊትም ጀርባም እኩል ቡናማ ሆኖ ሻይ ሻይ ይላል።

«ሂልከዬ፣ እህትሽ ጉድ ሠርታሻለች። ይሄ አስመስለው ጠልፈው ሻይ ውስጥ የነከሩት ነው።»

«ቀስ በይ እቴ፣ የነከርኩትስ እኔ ነኝ። እውነተኛውን ብሰጣት ትመልሰዋለች? ፍራሼ ሥር ነው።»

ምስኪን ፍራውከ፣ ለካ የተሰጣትን ነው የመለሰችው።

ቤቴ ገባሁና ሂልከ «የአክስቴ ነው፣ ያንቺ ይሁን» ብላ የሰጠችኝን ጥልፍ ከግድግዳ አውርጄ አሸተትኩት። እሱም ሻይ ሻይ ይላል።